ማን መታህ?

የካቲት 4፣ ሰኞ

ዛሬም ማጉያውን በትንፋሼ አደበዘዝኩት። የአንዲት ደንበኛ የእጅ ሰዓት ሆዱ ተከፍቶ ፊቴ ተቀምጧል፤ ማጉያው ዓይኔ ላይ ነው፤ በወረንጦ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ይዣለሁ። ላስገባት ስል ሁሉም ነገር ጭጋግ ሆነ። አፌ ተከፍቶ ኖሯል። ሽቦዋ አመለጠችኝና ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ግማሽ ሰዓት ፈለግኳት።

ወንድም ጋሼ ከጎኔ ካለው ወንበር ቀና ሳይል፣ "አፍህን" አለኝ። አባዬም በሕይወት ሳለ እንዲሁ ነበር የሚለኝ። አፌን ብዘጋ በምን ልተንፍስ? ግራ አፍንጫዬ ከልጅነቴ ጀምሮ የሞተ ነው። ቀኙ ደግሞ ሲፈልግ የሚከፍት፣ ሲፈልግ የሚዘጋ የመንግሥት ቢሮ ነው።

ባለቤቴ ማንኮራፋቴን ሸሽታ ካለፈው ወር ጀምሮ ልጆቹ ክፍል ነው የምትተኛው። "ጀነሬተሩ ሲጠፋ ጥራኝ" ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ትራሷን ግን ይዛ ሄዳለች።

ወንድም ጋሼ ከአፍንጫ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዞልኛል። ሳልጠይቀው። "ሠላሳ አንድ ዓመት በአፍ መተንፈስ ይበቃሃል፤ እኔ ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ" አለኝ። ሆዴ ባባ። እንደሱ ያለ ወንድም ለስንት ሰው ይሰጣል?

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ከኔ ያነሰ ልጅ ነው። በቀጭን መብራት አየኝ፤ ራጅ አስነሳኝ፤ ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። በሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል ያለው ግድግዳ ቀጥ ማለት ሲገባው ወደ ግራ ተጣሞ መንገዱን ዘግቶታል። በቀዶ ሕክምና ይቃናል አለ። ከዚያ ፎርሙ ላይ እየጻፈ፣

"ማን መታህ?"

"እንዴት?"

"የተፈጥሮ አይደለማ። መውደቅም አይመስልም። ቀጭን፣ ጠንካራ ነገር፣ እንዲህ መጥቶ..." ብሎ እጁን በፊቴ ከጎን ወደ ጎን አወዛወዘው።

እኔ አፌን ሳልከፍት (ለመናገር ማለቴ ነው፤ አፌማ ክፍት ነው) ወንድም ጋሼ ቀደመኝ። "ልጅ ሳለ አባታችን ጋ ይሠራ የነበረ ሠራተኛ ነው። በንዴት።" ሐኪሙ ጻፈው። የድሮ ካርድ ካለ እንድናመጣ ነገረን።

ስንወጣ የወንድም ጋሼ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ክፍሉ ሞቃት ነበር መሰለኝ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

እማዬን ስለ ካርዱ ጠየቅኳት። ቤት ስንቀይር ጠፋ አለችኝ። ቤት የቀየርነው ግን እኔ ሳልወለድ ነው። ይህን ስላት፣ "አንተ ደግሞ! ሐኪሙ የሚሠራው አፍንጫህን ነው ወይስ ታሪክህን?" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ታሪኩን እዚህ ልጻፈው፤ ጽፌው አላውቅም። ሰባት ዓመቴ ነበር። የአባዬ የሰዓት መሥሪያ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነን። አባዬ ሙያ የሚያስተምረው አንድ ሠራተኛ ነበረው። ነገር ሁሉ ላይ "ቀስ" ስለሚል ጋሼ ቀስ ነበር የምንለው። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ የግድግዳ ሰዓቶችን በቁልፍ ያስሞላኝ ነበር። አንድ ቀን ፈታትቶ ያስቀመጠውን ሰዓት ስነካካ አገኘኝና በያዘው ብረት ፊቴን መታኝ። ወንድም ጋሼ ትምህርት ቤት ነበር። ፖሊስ መጥቶ ጋሼ ቀስን ወሰደው፤ ሦስት ሳምንት አሰሩት፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው እንዲህ ነው።

በጣቴ ጠቁሜ ያሳየሁት እኔ ነኝ ይላሉ። አላስታውስም።

የመሥሪያ ጠረጴዛችን ጠርዝ ላይ እዚህ ቤት ሙያ የለመደ ሁሉ ምልክቱን ቀርጿል። አባዬ ኮከብ፣ ወንድም ጋሼ ሁለት ሰረዝ፣ እኔ ነጥብና ጭራ። የሰው ሰዓት ስንጠግን ደግሞ ያንኑ ምልክት ከቀኑ ጋር ክዳኑ ውስጥ እንጭራለን፣ ከኛ በኋላ የሚከፍተው ሰው ማን መቼ እንደነካው እንዲያውቅ። የአባዬ የመጀመሪያ ሕግ "የሌላ ሰው ምልክት አይፋቅም" ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ የተፋቀ ቦታ አለ። ለስላሳ ስለሆነ ክርኔን የማሳርፈው እዚያ ላይ ነው።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ነው። ደም ሰጠሁ ለምርመራ። ፎርም ፈረምኩ። ሁለት ሳምንት ማጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሳት የለም። ጎንበስ ሳልል ምን ሥራ አለኝ?

ማታ እማዬ ጋ ሄድኩ። ወንድም ጋሼ ቀድሞኝ ኩሽና ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ እማዬ፣ "ለሱ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?" ስትለው ሰማሁ። ሲያዩኝ ስለ ጣሪያው ማውራት ጀመሩ። ጣሪያው ያፈሳል፤ እውነት ነው።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። አልበላሁም፣ አልጠጣሁም። ባለቤቴ ግንባሬን ሳመችኝ። ነርሷ ሰዓቴን አውልቅ አለችኝ፤ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ የግድግዳ ሰዓት አላቸው። መንገር አልነበረብኝም። ነገርኳት።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

አፍንጫዬ በጥጥ ተወጥሯል። አፌ ደርቋል። ምራቄን ስውጥ ጆሮዬ ይዘጋል። ሕልም መሰል ነገር ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፤ የጤና ጣቢያው መብራት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።

ወንድም ጋሼ ቀኑን ሙሉ አልጋዬ አጠገብ ዋለ። መናገር ስለማልችል እሱ አወራ። "ያኔም እንዲህ ዓይንህ ብቻ ነበር የሚታየው። ሸሚዜ ላይ የፈሰሰው ደም አልለቅ ብሎ እማዬ አቃጠለችው" አለ። ከዚያ ድንገት ተነስቶ ውሃ ላምጣ ብሎ ወጣ። ውሃው አጠገቤ ነበር።

ትምህርት ቤት የነበረ ልጅ ሸሚዙን እንዴት ደም ነካው? ሲመጣ አቅፎኝ ይሆናል። አዎ፣ አቅፎኝ ነው።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ጥጡ ወጣ!! ሐኪሙ ጎትቶ ጎትቶ አልጨርስ ሲል ከአንጎሌ የሚመዝዘው መሰለኝ። ከዚያ አየር ገባ። በግራ በኩል። ቀዝቃዛ፣ ቀጭን፣ እስከ ዓይኔ ድረስ። እንደ ሞኝ አለቀስኩ። ነርሷ ሳቀችብኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ትራሷን መልሳለች።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ሥራ ባይፈቀድልኝም መሳቢያ ማጽዳት ማን ይከለክለኛል ብዬ መሥሪያ ቤት ገባሁ። በአባዬ አሮጌ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመስታወት ማስቀመጫው ሥር፣ የጤና ጣቢያ ካርድ አገኘሁ። ስሜ። ዕድሜ ሰባት። ግንቦት 15። "በብረት ተመትቶ የመጣ። ወድቆ ነው የሚለውን አልተቀበልኩም" ብሎ ፈርሞበታል የጤና ጣቢያው ሰው።

መጀመሪያ ወድቆ ነው ብለው ነበር ማለት ነው። ለምን? ሠራተኛው ከመታኝ ለምን ወድቆ ነው ይላሉ?

ካርዱን ለወንድም ጋሼ አላሳየሁትም። ለምን እንዳላሳየሁት አላውቅም።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ሳልተኛ ልጻፈው።

ጎረቤት ከተማ ያለው የባቡር ጣቢያ ትልቅ ሰዓት በየዓመቱ የምንጠግነው እኛ ነን፤ ከአባዬ የወረስነው ሥራ ነው። ሁልጊዜ ወንድም ጋሼ ነው የሚሄደው። አንድም ቀን አስከትሎኝ አያውቅም፤ "አቧራው ላንተ አፍንጫ አይሆንም" ይለኛል። ትናንት ሰዓቱ ቆመ ብለው ደወሉ፤ እሱ ወገቡን ታሞ ተኝቷል። እኔ እሄዳለሁ ስለው ከአልጋው ሊነሳ ታገለ። ሚስቱ መልሳ አስተኛችው።

ሰዓቱ ከሰው ይረዝማል። የጎን በሩን ከፈትኩ። በበሩ ውስጠኛ በኩል እንጨቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የጠጋኞች ምልክት በእርሳስ ተጽፏል። ከታች በኩል ሁለት ሰረዝ፣ ሁለት ሰረዝ፣ የወንድም ጋሼ ዓመታት። ከላይ የአባዬ ኮከቦች። መሃል ላይ አንዲት የ"ቀ" ፊደል። አጠገቧ፦ ግንቦት 14፣ 15፣ 16። ከሥሯ የአባዬ ኮከብ፦ "እኔ ልኬው ሠራ።" ዓመቱም የካርዱ ዓመት ነው።

ቁጭ አልኩ። ግንቦት 15 ጋሼ ቀስ ቤታችን አልነበረም። እዚህ፣ ይህ ሰዓት ሆድ ውስጥ ነበር። የላከውም አባዬ ነው።

የጣቢያው ዘበኛ ከጀርባዬ ቆሞ፣ "የሱን ምልክት ነው የምታየው? ሰውየው አለ እኮ፣ እዚሁ ከተማ ከፎቁ ደረጃ ሥር ሰዓት ይሠራል። ወንድምህ በመጣ ቁጥር ሳያየው አይሄድም" አለኝ።

ወንድም ጋሼ በየዓመቱ ይህን በር ሲከፍት ኖሯል። አንድ ጊዜ በላጲስ ቢያሻው ይጠፋ ነበር። አላጠፋውም። የሌላ ሰው ምልክት አይፋቅማ! ሰው ማስበላት ይቻላል፣ ምልክት መፋቅ ግን ነውር ነው።

ሰዓቱን ጠገንኩት። ምልክቴን ሳላኖር ዘጋሁት፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

መጋቢት 13፣ ዓርብ

ካርዱን አልጋው ላይ ወረወርኩለት። አላነሳውም።

"የት አገኘኸው?"

"ግንቦት 15 የት ነበርክ?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በአፍንጫዬ ስተነፍስ ይሰማኝ ነበር፤ ጥርት ብሎ።

"አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር" አለ በመጨረሻ። "አባዬ ያንን የግድግዳ ሰዓት እንድጠርግ ሰጥቶኝ ነበር። ፔንዱለሙን አውልቄ እንደ ጎራዴ አወዛውዘው ነበር። አንተ ከኋላዬ መጣህ። ሆን ብዬ አይደለም።"

"መጀመሪያ ወድቆ ነው ብላችሁ አልነበር?"

"አልን። የጤና ጣቢያው ሰውዬ አልቀበልም አለ። ፖሊስ ጠራ። እማዬ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብላ አበደች። ጋሼ ቀስ በማግስቱ ማታ ዕቃውን ተሸክሞ ገባ።"

"አባዬ እያወቀ?"

"አባዬ እያወቀ።"

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እሺ። ሃያ ሲሞላውስ? ሠላሳ ሲሞላው? በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጦ "አፍህን" ሲለኝ ምን ይሰማው ነበር? ሐኪም ቤት የወሰደኝ ለኔ አዝኖ መስሎኝ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ። የጎዳኝን ነገር አስጠግኖ ሊገላገል ኖሯል። ፎርሙ ላይ እንኳ ዛሬም ያንኑ ሰው አስጻፈ! ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ያንኑ ሰው።

ልወጣ ስል፣ "ጋሼ ቀስ ይቅር ብሎኛል። ድሮ ነው" አለኝ።

ይቅርታውን እንኳ ሹልክ ብሎ ብቻውን ተቀብሏል።

መጋቢት 15፣ እሑድ

እማዬ አላለቀሰችም። "ታዲያ ልጄን አሳልፌ ልስጥ?" አለችኝ።

"እኔስ ልጅሽ አልነበርኩም?"

"አንተማ ድነህ ነበር።"

ሄድኩ። ኮቴን ጓዳዋ ረስቼው ወጣሁ፤ ለሱ ብዬ ወደ ጓዳዋ አልመለስም።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ሥራ ላይ ነን። ጎን ለጎን። ቃል አንለዋወጥም። ማጉያዬ አይደበዝዝም፤ እጄ ግን አይሠራም። ክርኔን የማሳርፍበት ቦታ ጠፋኝ።

ባለቤቴ ሄደህ ሰውየውን እየው ትለኛለች። ምን ብዬ? እኔም እንደሱ የተበደልኩ ነኝ እለዋለሁ። ሁለታችንንም ነው የካዱን። ልጅ ነበርኩ፤ አፍና አፍንጫዬ በጥጥ ታፍኖ መናገር አልቻልኩም። እንዲህ እለዋለሁ።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

ደረጃው ሥር ያለችው ክፍል የእኛን ጠረጴዛ አትበልጥም። የማንቂያ ሰዓቶች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ሁሉም እኩል ይቆጥራሉ። ማጉያውን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝ። ፀጉሩ ነጥቷል። አንተ ልበለው እርስዎ እያልኩ ደፉ ላይ ስቆም እሱ ቀደመኝ።

"ወንድምህ ነግሮኛል። ተቃና?"

"ተቃና።"

"ቀስ ብለህ ግባ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው።"

ተቀመጥኩ። ያዘጋጀሁትን ጀመርኩ። ሁለታችንም እንደተበደልን፣ ምንም እንደማላውቅ፣ የጣቢያውን ሰዓት እንዳየሁ። እየሰማኝ አንዲት ትንሽ የሰዓት ጥርስ በብሩሽ ይጠርግ ነበር። "አፍንጫዬን አፍነውት ነበር፣ መናገር አልችልም ነበር" ስል ብሩሹን አስቀመጠ።

"ጣት ለመቀሰር አፍንጫ ምን ያደርጋል?"

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"ስማ" አለኝ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ። "ወንድምህ በየዓመቱ ይመጣል። መጀመሪያ የመጣው ገና ተማሪ ሳለ ነው፤ እዚያች በር ላይ ተንበረከከ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ አልከበደኝም። እሱ የመታው አንተን ነው። እኔን የመታኸኝ አንተ ነህ።"

"ሰባት ዓመቴ ነበር።"

"አውቃለሁ። ስንት ዓመት እንደሞላህ በየዓመቱ እቆጥር ነበር።"

እዚህ ደብተር ላይ ከጻፍኩት ውስጥ አንዱ ውሸት ነው። አላስታውስም ያልኩት። አስታውሳለሁ። ጋሼ ቀስን በሁለት ፖሊስ መሃል አስገቡት። የመንገድ አቧራው ከጫማው አልረገፈም። ሲያየኝ ፈገግ አለ። አይዞህ አለኝ በዓይኑ፤ እውነቱን እንደምናገር እርግጠኛ ነበር። ወንድም ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ፖሊሱ "ማን መታህ?" አለኝ። የአባዬ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። አባዬ የሚነካው ሰዓት ብቻ ነበር፤ ያን ቀን እኔን ነካኝ። ትልቅ፣ ሞቃት እጅ። እንዳያነሳው ፈለግኩ። ማን እንደመታኝ አውቅ ነበር። ጣቴን ቀሰርኩ።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኩት።

"እኔ እንጃ" አለ። "እኔ የምጠግነው ሰዓት ነው።"

ማጉያውን ወደ ዓይኑ አወረደና ወደ ሥራው ተመለሰ። ውጣ አላለኝም፤ ቁጭ በልም አላለኝም። ጥቂት ቆይቼ ወጣሁ።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

የመጨረሻ ምርመራ። ብቻዬን ሄድኩ። ሐኪሙ በመብራቱ አየና ደስ አለው፤ ግድግዳው ቀጥ ብሏል፣ ቁስሉ ድኗል። "በሁለቱም ይገባል?" በሁለቱም ይገባል አልኩት። ፋይሉን ሊዘጋ ሲል እጄን ወረቀቱ ላይ አኖርኩ።

"መጀመሪያ የተጻፈው ትክክል አይደለም። የመታኝ ወንድሜ ነው፣ በፔንዱለም። ሠራተኛው አይደለም።"

"ሕክምናው አልቋል እኮ። ለውጥ አያመጣም።"

"ይጻፍልኝ።"

ትከሻውን ሰበቀና የድሮውን መስመር ሰረዘው። ከሥሩ እኔ ያልኩትን ጻፈ። "ሠራተኛው አለመሆኑም ይጻፍ?"

"ይጻፍ። በደንብ ይጻፍ።"

"እሺ፤ ስሙ ማን ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ምልክቱን አውቃለሁ፤ ትከሻው ላይ መቀመጥ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አውቃለሁ፤ ያን ቀን በዓይኑ ያለኝን አውቃለሁ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ይዞ ይጠብቀኛል። ስሙን አላውቀውም። አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።